ቤይሩት ላይ መብራት፦ ኢሽቲራክ ወይስ ሶላር?

ሊባኖስ ውስጥ የመንግሥት መብራት ድሮም አስተማማኝ አልነበረም። በ2021 ነዳጅ ሲጠፋ ግን ጭራሽ በቀን ለአንድ ለሁለት ሰዓት ብቅ የሚል እንግዳ ሆነ። ያኔ ሰዉ መላ ፈለገ፦ ወይ ድሮም የነበረው ኢሽቲራክ፣ ወይ ሶላር።

ኢሽቲራክ የሰፈሩ የጄኔሬተር ባለቤት በአምፔር የሚሸጠው መብራት ነው። ለመጀመር ብዙ ብር አይጠይቅም። ገመድ ይዘረጋላችኋል፣ በቃ። ብዙ ቤት ያለው 5 አምፔር ነው። ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኳስ እያያችሁ የልብስ ማጠቢያውን በሙቅ ውሃ አስነሱት። ቀጭ! ድርግም። ጎሉን ከጎረቤት ጩኸት ትሰሙታላችሁ። ከዚያ በስልክ መብራት ደረጃ ወርዶ ቆጣሪውን መመለስ ነው። ሊፍት? እሱን እርሱት። ጭሱ ደግሞ በረንዳ ላይ ያሰጣችሁትን ነጭ አንሶላ አይምርም። ወር ሲያልቅ ሂሳብ ሰብሳቢው በር ያንኳኳል፤ እሱ እንኳ አንድ ቀን አይቀርም።

ሶላር ጭስም ጩኸትም የለውም። ከ2021 ወዲህ ብዙ ጣሪያ በፓነል ተሸፍኗል። ችግሩ መነሻው ነው፤ ከነባትሪው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። አፓርታማ ውስጥ ጣሪያው የሁሉም ስለሆነ ጭቅጭቁ አያልቅም። ክረምት ላይ ደመና ሲከርም ባትሪው ማታ ላይ ይከዳል።

ተራራው ላይ የራሱ ቤት ላለው ሰው ሶላር ነው፣ አያከራክርም። ቤይሩት ተከራይቼ ብኖር ግን እያጉረመረምኩም ቢሆን ኢሽቲራኩን እከፍላለሁ። አቅም ያለው ሁለቱንም ይዟል።