ለሁለት ሰው፣ ለጣና ደሴቶች፦ የትኛው ጀልባ ይሻላል?

ባልና ሚስት ሆናችሁ በራሳችሁ ጀልባ ከደሴት ደሴት መዞር የምታልሙ ከሆነ ጣና ይበቃችኋል። ከባሕር ዳር ተነስቶ ክብራንና እንጦስን፣ ዘጌን፣ ራቅ ሲል ደግሞ ደቅንና ዳጋን ማየት ይቻላል። ከባዱ ነገር ጀልባውን መምረጡ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ፦ ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚሆን ትንሽ ባለ ሸራ፣ ከ9 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ትልቅ ባለ ሸራ፣ እና ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ የለመድነው ዓይነት ባለ ሞተር ፋይበርግላስ ጀልባ።

ከዋጋውም ከውበቱም በፊት ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁት። ጀልባው ለመንሳፈፍ ስንት ሜትር ውሃ ይፈልጋል? ጣና ሰፊ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው። የውሃው መጠንም ከወቅት ወቅት ይለያያል። ክረምቱ ሲወጣ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፤ ልዩነቱም ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በጥቅምት በሰላም የገባችሁበት ዳር በግንቦት ድንጋዩ ብቅ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ትልቁ ባለ ሸራ ጀልባ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሸራ ጀልባ እንዳይገለበጥ ከሆዱ ስር ኪል የሚባል ከባድ ክንፍ አለው። በትልልቆቹ ላይ ኪሉ ቋሚ ነው፤ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ውሃ ውስጥ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ጀልባ መሃል ሐይቅ ላይ ያምርበታል፣ ወደ ዳር መጠጋት ግን ይከብደዋል። ደሴት ለማየት የሚሄድ ሰው ደግሞ ጉዳዩ ከዳር ጋር ነው። ከትንንሾቹ መካከል ኪላቸው ወደ ላይ የሚሰበሰብ አሉ። ኪሉ ሲነሳ ግማሽ ሜትር ገደማ ውሃ ይበቃቸዋል። ባለ ሞተሩም ሞተሩን ቀና ካደረጋችሁት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጀልባው አሸዋ ላይ ቢቀመጥባችሁ አንዳችሁ ወርዳችሁ መግፋታችሁ አይቀርም፤ የጣና ዳር ውሃ ደግሞ ቢልሃርዚያ ስላለበት ቆዳን ሳይሸፍኑ የሚገባበት አይደለም።

ቀጥሎ ነፋሱ ነው። በጋ ላይ ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ፀሐይ ስትበረታ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፤ ማዕበሉም ይነሳል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው በጠዋት በሞተር ወጥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ በሸራ ቢመለስ ደስ የሚል ጉዞ ይሆንለታል። ለዚህ ነው ሸራ ያለ ሞተር አትግዙ የምለው። አነስተኛ ሞተር ከኋላ ይኑረው። ባለ ሞተር ጀልባ ዳጋ ለመድረስ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይፈጅበታል። ትንሽ ባለ ሸራ ጥሩ ነፋስ ቢያገኝም በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ደቅና ዳጋን በሸራ ለማየት ያሰበ ሰው ጀልባው ላይ ማደርን አብሮ ያስብ፤ አጎበርም አይርሳ።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ተራ ሞተር ጉልበቱ ከ15 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሸራውም በዚያው ፍጥነት ከሚነፍስ ነፋስ የሚያገኘው ግፊት በዚያው ልክ ያንሳል። ብሮሹር ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት እንዳለ አትመኑት፤ ሰፋ ያለ ሸራ፣ ከፍ ያለ ሞተር ምረጡ።

እምቦጭን በተመለከተ ባለ ሞተሩ ነው ተጎጂው። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ተስፋፍቷል። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያ ይዘጋል። ባለ ሸራውም ቢሆን ክምሩ ውስጥ መግባት የለበትም።

አሁን ስለ እናንተ ስለ ሁለታችሁ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ባል ሲወርድ ሚስት ብቻዋን ጀልባው ላይ ትቀራለች ማለት ነው፤ መልህቁ ቢንሸራተት፣ ነፋሱ ቢለወጥ እሷ ናት የምታዘው። ስለዚህ እሷ ብቻዋን ሞተር አስነስታ፣ ሸራ አውርዳ፣ መልህቅ ስባ የምትነዳው ጀልባ ካልሆነ አትግዙ። ትልቁ ባለ ሸራ እዚህም ይከብዳል። ትንሹና ባለ ሞተሩ ይቻላሉ፤ ለመማር ደግሞ ባለ ሞተሩ በጣም ይቀላል። እሷ ክብራን አጠገብ ያለውን እንጦስ ኢየሱስን ማየት ትችላለች። ደቅ ላይ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ እዚያ አብራችሁ ትገባላችሁ።

ማጓጓዣውም ምርጫውን ያጠባል። ከውጭ የሚገዛ ጀልባ ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይመጣል። የኮንቴይነር ውስጥ ወርድ 2.35 ሜትር ገደማ ነው። በሩ እንዲያስገባው ወርዱ ከ2.3 ሜትር ያልበለጠ ጀልባ ፈልጉ። ትልቁ ባለ ሸራ፣ ሁለት ሆድ ያለው ካታማራንም፣ በዚህ አይገባም።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ የሚበቃችሁ ከሆነ ባለ ሞተር ፋይበርግላስ ግዙ፤ መለዋወጫውንም የሚጠግነውንም ሰው እዚሁ ማግኘት ይቀላል። ጊዜ ካላችሁ፣ ነዳጅ መቆጠብና በጸጥታ መሄድ ከፈለጋችሁ፣ ኪሉ የሚሰበሰበው ትንሽ ባለ ሸራ ነው ለጣና የሚሆነው። ትልቁን ለባሕር ተዉት። የደንገል ታንኳ ውብ ናት፤ ግን ለቅርብ ውሃ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ምዝገባና ፈቃድ፣ ስለ አካባቢው ጸጥታም ጠይቁ። ያገለገለ የባሕር ጀልባ ከሆነ የምትገዙት፣ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን አኖድ እዩ። ለጨው ውሃ የሚሠራው ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ሥራውን ያቆማል። ለጣና በማግኒዚየም አስቀይሩት።