አድባሩን መቁረጥ ወይስ መቀደስ?

በጎንደር ዙሪያ ግንዱ ቅቤ የተቀባ፣ ሥሩ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት የአድባር ዋርካ ያጋጠመው ክርስቲያን በሁለት ምክር መካከል ይቆማል።

መቁረጥ፦ በ391 እ.ኤ.አ. ገደማ በእስክንድርያ ሴራፒስ የተባለው ጣዖት ቤተ መቅደስ የፈረሰው በዚህ መንገድ ነው። ፈጣንና የማያሻማ ነው፤ ዋጋው ግን ቂም ነው፤ በእስክንድርያም ደም ፈሷል።

መቀደስ፦ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በ601 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ በላኩት ደብዳቤ፣ ጣዖቱ እንዲጠፋ፣ ይመለክበት የነበረው ቤት ግን ጠበል ተረጭቶበት ለእግዚአብሔር አምልኮ እንዲውል መክረው ነበር። ሰላማዊ ነው፤ አደጋው ስሙ ተለውጦ ልማዱ እንዳለ መቅረቱ ነው (ለዛር የተፈላ ቡና በጻድቃን ስም ሲመረቅ የሰማ ይህን አይስተውም)።

አምላኪው ራሱ ምሳር ካነሣ መቁረጡ ይሻላል፤ ቆራጩ ከውጭ የመጣ ከሆነና ዋርካው ለዕድርተኛው መሰብሰቢያ ጥላ ከሆነ ግን መቀደሱን እመርጣለሁ።