የመስኮት ማጽጃ ዘንግ መጋጠሚያዎች፦ የቱን ልግዛ ለምትሉ

ውሃ በውስጡ እየወጣ መስኮት የሚያጥብ ረጅም ዘንግ የሚገዛ ሰው ሐሳቡም ገንዘቡም ዘንጉ ላይ ነው። ካርቦን ፋይበር ነው ወይስ ፋይበር ግላስ? ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል? ክብደቱስ? የውሃውን ጎማዎች የሚያገናኙትን መጋጠሚያዎች ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ከዘንጉ ጋር የመጡትን ገጥሞ ወደ ሥራ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው ባይ ነኝ። መካከለኛ ዘንግ ጥሩ መጋጠሚያ ካለው ቀኑን ሙሉ ያሠራል። መጋጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ ግን የፈለገውን ያህል ውድ ዘንግ ብትይዙ ውሃው በክንዳችሁ ወርዶ ብብታችሁ ውስጥ ይገባል።

የሚፈሰው ደግሞ ዝም ብሎ የቧንቧ ውሃ አይደለም። በማጣሪያ አልፎ የሟሟ ማዕድኑ ዜሮ ወይም ለዜሮ የተጠጋ ውሃ ነው። መስኮቱ በጨርቅ ሳይነካ ያለ ነጠብጣብ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። መሬት ላይ የሚቀረው ሁሉ የማጣሪያ ወጪ አለበት።

ከታች ልጀምር፣ ከውሃው ምንጭ የሚመጣው ዋናው ጎማ ከዘንጉ ጎማ ጋር ከሚገናኝበት። እዚህ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባ ፈጣን መጋጠሚያ ያስፈልጋል፤ ዘንግ ለመቀየር ወይም ጎማውን ለመጠቅለል በየጊዜው ስለሚፈታ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ለአትክልት ማጠጫ የሚሸጠው የፕላስቲክ ነው። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ለጀማሪም አይከብድም። ግን ወፍራም ነው። ጎማውን ስትጎትቱ በየደረጃው ጠርዝ ላይ ይያዛል፣ ሰው ከረገጠው ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የናሱ ነው፤ የዚህ ሥራ ሰዎች ሬክተስ 21 የሚሉት መጠን። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በጓንትም ይፈታል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቢሆንም እኔ ያለ ምንም ማመንታት የምመርጠው እሱን ነው። አንድ ደካማ ጎን አለው፦ ለመፍታት ወደ ኋላ የሚሳበው ኮሌታ አሸዋ ከገባበት ይደርቃል። አልፎ አልፎ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ኦሪንጉን (ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) ትንሽ የሲሊኮን ቅባት መቀባት ነው። የሞተር ግሪስ አይሆንም፣ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጠዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያገላብጠው ነገር። ሲፈታ በራሱ ውሃ የሚዘጋው ግማሽ፣ ማለትም ሴቴው፣ ከዋናው ጎማ ጋር ነው መሆን ያለበት። ወንዴው፣ ማለትም ሴቴው ውስጥ የሚገባው ግማሽ፣ ዘንጉ ላይ። እንዲህ ከሆነ ዘንጉን ስትፈቱ ከምንጩ የሚመጣው ውሃ እዚያው ይቆማል። ተገልብጦ ከተገጠመ ግን በፈታችሁ ቁጥር ዋናው ጎማ እግራችሁ ላይ ይለቀዋል፣ ዘንጉ ውስጥ የቀረችው ትንሽ ውሃ ብቻ ትታገዳለች። ከሴቴው ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ አነስተኛ መዝጊያ ቫልቭ ይኑር። ግፊት እያለ ወንዴውን መልሶ ማስገባት ትግል ነው፣ ቫልቩን ዘግታችሁ ከሆነ ግን በሁለት ጣት ይገባል።

ወደ ላይ ስንወጣ ብሩሹ ጋ ያለው ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ነው። በዘንግ ውስጥ የሚያልፈው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ውጩ 8 ሚሊ ሜትር፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ መጋጠሚያው የሚመረጠው በውጩ ልክ ነው። ውስጡ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ እሱ ጎማውን ነክሶ ይይዛል፣ ኦሪንጉ ውሃውን ያግዳል። ስለዚህ የጎማው ጫፍ ሁሉ ነገር ነው። በመቀስ ከተቆረጠ ይጨፈለቅና ሞላላ ይሆናል፣ በአንድ በኩል ያንጠባጥባል። በስለታም ምላጭ ወይም በጎማ መቁረጫ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጫፉ አካባቢ ጭረት ካለ ያንን ቆርጣችሁ ጣሉት። ከዚያ መጨረሻው ላይ እስኪቆም ግፉት፣ መጀመሪያ ሲይዝ አትተዉት፣ ትንሽ ይቀራል። ጎተት አድርጋችሁ ሞክሩት። ለመፍታት የመጋጠሚያው አፍ ላይ ያለችውን ቀለበት ወደ ውስጥ ተጭኖ ጎማውን ማውጣት ነው፣ ጉልበት አይፈልግም። ይህን መጋጠሚያ በጣም ነው የምወደው። የሚጠላው ነገር ቢኖር ልክ አፉ ላይ የታጠፈ ጎማ ነው፤ ኦሪንጉን ወደ ጎን ይገፋዋልና ብሩሹ ሲያጋድል እንዳይስበው ላላ ያለ ትርፍ ጎማ ተዉለት።

ጎማን በቆርቆራ ጫፍ (ጎማው እንዳይሾልክ ዙሪያውን እርከን ባለው) ላይ አስገብቶ በፋሸታ (በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ) ማሰርም ያው የቆየ መንገድ ነው። ለማይፈታ ቦታ፣ ለምሳሌ ለዋናው ጎማ ጫፍ፣ ከሁሉም ይበልጣል። ጎማው እምቢ ካለ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት፣ ለስለስ ብሎ ይገባል። ብሩሹ ጋ ግን ፋሸታ አልመክርም፣ ይከብዳል፣ ብሎኑም መስታወት ይቧጭራል። ቴፍሎን የሚባለው ቀጭን ቴፕ የሚጠቀለለው እንደ ብሎን በሚጠመዘዝ ጥርስ ላይ ብቻ ነው። ተገፍቶ የሚገባውና ቆርቆራው ላይ ምንም አይሠራም።

የዘንጉ ጎማ ርዝመት ላይ አትቆጥቡ። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ካለው ርዝመት ሁለት ሦስት ሜትር ይብለጥ። ካጠረ ዘንጉ ሲዘረጋ ጎማው ይወጠርና የላይኛውን መጋጠሚያ ይነቅለዋል፣ ያ ደግሞ የሚሆነው ብሩሹ ፎቅ ላይ እያለ ነው። የጎማው መጠምዘዝም ቀላል አይደለም። ውሃ 10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ብቻውን 1 ባር ያህል ግፊት ይበላል፣ መንገድ ላይ የታጠፈ ቦታ ከተጨመረበት ላይ የሚደርሰው እንባ ነው።

ብሩሹ ላይ ጎማው በዋይ (Y) ቅርጽ መጋጠሚያ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱን ቅርንጫፎች እኩል ቁረጧቸው። ውሃውን የሚረጩትን አፍንጫዎች ከመግጠማችሁ በፊት ደግሞ ውሃውን ለጥቂት ጊዜ በባዶው ልቀቁት። ጎማ ስትቆርጡ የምትቀር ፀጉር የምታክል ልጣጭ አለች፣ ሄዳ አፍንጫው ውስጥ ትሰነቀራለች፣ ከዚያ አንዱ ወገን ቀጥ ብሎ ሲረጭ ሌላው ወደ ጎን ይተፋል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ዘንጉን ሳታነሱ መሬት ላይ አጋድማችሁ ውሃ ልቀቁበት። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደንብ አድርቁና ሶፍት ጠቅልሉበት። የሚያፈስ ካለ ዓይን ሳያየው ሶፍቱ ይነግራችኋል። ከረጠበ ቶሎ ብላችሁ አዲስ መጋጠሚያ አትግዙ፣ መጀመሪያ ጫፉን እንደገና ቁረጡት። አሁንም ካንጠባጠበና መጋጠሚያው የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ኦሪንጉን አውጥታችሁ እዩት፤ ተጠፍጥፎ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ እሱን ብቻ ቀይሩ።