ማኅተሙ የቤቱን ስም ነው የሚናገረው ወይስ የሠሪውን? አራት የእንግሊዝ ሸክላ ቤቶች ሲነጻጸሩ

በእንግሊዝ አሮጌ የሸክላ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የታዋቂውን ሸክላ ሠሪ የበርናርድ ሊችን ስም መጥራት ይወዳል፤ ስሙ ዋጋ ያወጣልና። ገዢ ግን ዕቃውን ገልብጦ ሥሩንና ከሥሩ ከፍ ብሎ ያለውን ጎኑን ማየት አለበት። የሸክላ ቤቱ ማኅተም የሚናገረው ዕቃው የት እንደተሠራ ብቻ ነው። የማን እጅ እንዳረፈበት ለማወቅ ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል፤ ትልቁ የዋጋ ልዩነትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሊች ከጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ ጋር እ.ኤ.አ. በ1920 ሴንት አይቭስ፣ ኮርንዎል ውስጥ የከፈተው ቤት ማኅተሙ ተደራርበው የተጻፉ ኤስ እና አይ ፊደላት ከሁለት ነጥብ ጋር ነው። ኩባያው ወይም ሳህኑ ላይ ይህ ብቻ ካለ፣ የቤቱ ሠራተኞችና ተለማማጆች በብዛት ያመረቱት መደበኛ ዕቃ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን በሊች ዋጋ አይገዛም። ከጎኑ ቢ ኤል ሲኖር የራሱ የሊች፣ ጄ ኤል ሲሆን የሚስቱ የጃኔት፣ ደብሊው ኤም ሲሆን ደግሞ የቤቱ ሠራተኛ የነበረው የዊልያም ማርሻል ሥራ ነው።

ቢ ኤል ያለበትን ሁሉ ማመን ግን አይገባም። ፌዘርስቶን እስር ቤት ውስጥ ታራሚዎች በሸክላ ትምህርት ክፍል አስመስለው የሠሯቸው የሊች ዕቃዎች ጨረታ ቤቶችን ሳይቀር አታልለዋል። አንድ ነገር ይረዳል፦ ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ 10 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ስለዚህ ከተተኮሰ ዕቃ ላይ የተቀዳ ማኅተም ከዋናው ያንሳል። ምንጩ ከተረጋገጠ ዕቃ ጋር በማስመሪያ ማወዳደር ዋጋ አለው።

የሊች ተማሪ ማይክል ካርዲው በ1926 ዊንችኮም፣ ግሎስተርሻየር የጀመረው ቤት ምልክት የተያያዙ ደብሊው እና ፒ ናቸው፤ ኤም ሲ ከታከለበት የካርዲው ነው። እዚህ ከምልክቱ በላይ ጭቃው ይታይ። የቀድሞዎቹ ቀይ ሸክላ ስለሆኑ በቀላሉ ይሸረፋሉ፤ ቅባቸውም እርሳስ ማዕድን ስላለበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ እንጂ ምግብ አይቅረብባቸው። ሬይ ፊንች ቤቱን ከያዘ በኋላ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመጣው ስቶንዌር (በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ) ግን ለዕለት ማዕድ የሚሆን ጠንካራ ዕቃ ነው። ለእኔ ከአራቱ ለገንዘቡ የሚመጥነው ይኼኛው ነው።

ትሮይካ የተባለው ሦስተኛው ቤት በ1963 ሴንት አይቭስ ተጀምሮ በ1970 ወደ ኒውሊን ተዛወረ፤ በ1983 ተዘጋ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ስም ነው። ሴንት አይቭስ የሚል ካለበት ከመዛወሩ በፊት የተሠራ ነው። አብረው የሚታዩት ፊደላት ዕቃውን ያስጌጠው ሰው ናቸው። ዕቃው በአብዛኛው በቅርጽ ማውጫ የወጣ ነውና በእጅ የተሽከረከረ ሸክላ ለሚፈልግ አይሆንም።

ብሪግሊን፣ ከ1948 እስከ 1990 ለንደን ውስጥ የሠራ ቤት፣ ሙሉ ስሙን ሥሩ ላይ ያትም ነበር። የሣርና የአበባ ንድፉ ያምራል፤ ለጀማሪም ምልክቱ አያደናግርም።

ቅብ የሞላበት ማኅተም ከፊት ለፊት በበራ መብራት አይነበብም። ባትሪውን ከጎን ያብሩት፤ ካልሆነ ስስ ወረቀት ለጥፎ በለስላሳ እርሳስ ማሸት ፊደሉን ያወጣዋል። በኢንተርኔት ከሆነ ሻጩ ከጎን በርቶ የተነሳ ፎቶ ይላክ፤ ካልላከ እኔ አልገዛም።