ከአራዳ ገበያ ጀርባ ያለው የሴቶቹ የሸክላ ሱቅ

ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ምጣድ ለእኔ የልጆቼ ጉሮሮ ነው። አምና ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት በሦስተኛው ሳምንት መሃሉ ተሰንጥቆ ሊጡን ጠጣው። ይዤበት ብሄድ «የሠራችውን ጠይቂ» አለኝ። የሠራችውን እሱም አያውቃትም።

እዚህ ሱቅ ግን የሠራችው ትታወቃለች። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ያሉ ሸክላ ሠሪዎች በማኅበር ሆነው የከፈቱት ነው። በየዕቃው ላይ ጭቃው ሳይደርቅ በጥፍር የተጫረ ምልክት አለ፤ የአንዷ ሦስት ሰረዝ፣ የሌላዋ የገብስ ዛላ። ሰብሳቢያቸው ደብተር ገልጣ ምልክቱን ከሠሪዋ ፎቶ ጋር ታመሳክራለች። የእኔን ምጣድ የሠራችው ነጠላዋን አጣፍታ ካሜራውን የተቆጣች የምትመስል ሴት ናት።

ፎቶው ለምን እንዳስፈለገ ብጠይቃት ስለ ህንዷ ኢላ ባት አወራችኝ። እ.ኤ.አ. በ1972 አህመዳባድ ላይ ጉልት ቸርቻሪዎችንና ተሸካሚዎችን በሠራተኛ ማኅበር ስታደራጅ «አሠሪ የሌላቸው ምን ሠራተኛ ናቸው» ተብላ ምዝገባው አስቸግሯት ነበር። በ1974 ደግሞ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቋቋሙ። መፈረም የማይችሉት በሒሳብ ደብተራቸው ላይ ፎቷቸው ይለጠፍላቸው ነበር። «የእኛዎቹስ መጻፍ ባይችሉ መልክ የላቸውም እንዴ?» አለችኝ።

ምጣዱን በ650 ብር ወሰድኩ። ልከራከር ብሞክር «እህቴ፣ ዋጋውን የተመነችው እሷ ናት፤ እኔ አልነካውም» ብላ ዘጋችኝ። ድሮ ገበያ ሲፈታ ተሸክሞ ከመመለስ ብለው በተገኘው ይጥሉት ነበር። ገንዘቡ ይገባዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦው የሚገባበት ቦይ እኩል ስለወጣ አንዱን ጎን አያሳርርም፤ በጎመን ዘር አሟሽቼው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እንጀራው ዓይኑ ሞልቶ፣ ሳይጣበቅ ይነሳል። አራት ወሩ ነው።

ጉድለትም አለ። የድስቶቹ ክዳን ልክ አይገጥምም። ማሸጊያ የላቸውም፤ በባጃጅ የምትሄዱ ብርድ ልብስ ያዙ። ጀበናዬ ደግሞ አንገቷ ላይ ታነባ ነበር።

ቅዳሜ ጀበናዋን መለስኩ። ሠሪዋ ራሷ ከገጠር መጥታ ነበር፤ ገና ከእጄ ሳትቀበል ምልክቷን አይታ «የእኔ ናት፣ ይቅርታ እታለም» አለች። ሌላ አንስታ ውኃ ሞላችና ጋዜጣ ላይ አስቀመጠቻት፤ ቡና እስኪፈላ እንድንጠብቅ።

ልጅ ሆኜ በሰፈራችን «ሸክላ ሠሪ» ስድብ ነበር። ቡዳ ናቸው እየተባለ ጀበናቸውን ገዝተን ቡናውን ያለ እነሱ እንጠጣ ነበር። እናቴም ትለው ነበር፣ እኔም ብያለሁ፤ ዛሬ ያንገበግበኛል። የዚያን ቀን ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም ጠጣሁ። ስትነሳ ጀበናዋን ከፍ አድርጋ ጋዜጣውን በመዳፏ ዳበሰችው።

ደረቅ ነበር።