ለንደን አሮጌ ቤት ላላችሁ፦ ግድግዳችንን ከውስጥ ብርድ መከላከያ ያለበሱልንን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል

ቤታችን መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ግድግዳው ድፍን ጡብ ነው፤ ኋላ እንደተሠሩት ቤቶች መሃሉ ክፍተት የለውም። ከውጭው ብርድ የሚለየን 22 ሴንቲሜትር ገደማ ጡብ ብቻ ነበር። ማሞቂያው ሲነድ ይውላል፣ ሙቀቱ ግን መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። እናቴ በፈረንጆች ገና ሰሞን ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ፣ «ልጄ፣ ቤት ገብተናል ወይስ ገና በረንዳ ላይ ነን?» አለችኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን አለቀስሁ። የልጄ መኝታ ጥግ በሻጋታ ጠቁሯል፤ ልጁ ደግሞ አስም አለበት።

መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ ሻጋታውን ቀለም ቀባበት። በወሩ ተመልሶ መጣ። ሻጋታው ማለቴ ነው፤ ሰውዬውማ ስልክም አያነሳ! ቀጥሎ የመጡት ቀብድ ተቀብለው፣ በሁለት ቀን ግድግዳው ላይ ከውስጥ የብርድ መከላከያ ሰሌዳ ለጥፈው ሄዱ። ክፍሉ ሞቀ፣ እኔም መረቅኋቸው። በዓመቱ ሽታ መጣ። ሰሌዳው ሲነሳ ጀርባው ጥቁር በጥቁር። ስደውልላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «መስኮት ስለማትከፍቺ ነው።» ይህቺን እስክሞት አልረሳትም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት ናት። (ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ ነው ጋሼ የምላቸው።) እንደ ሌሎቹ ሜትር አላወጡም። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ በዚያ ዝናብ ደጅ ወጥተው፣ ቀና ብለው ቆሙ። በጣም ቆዩ። እኔ ሰውዬው ምን ነካቸው እያልሁ ነው። «የኔ ልጅ፣ ነይ እዪ» አሉኝ። አሸንዳው ተሰንጥቆ ውሃው በግድግዳው ላይ ይንቆረቆራል። ስምንት ዓመት ስኖርበት አላየሁትም!

«እርጥብ ግድግዳ ሸፍኜ ገንዘብሽን አልበላም» አሉ። መሰላል አምጥተው አሸንዳውን ጠገኑ። ሒሳብ ስል «ቡናሽ ይበቃል»። ግድግዳው ይድረቅ ብለው ሦስት ወር አስጠበቁኝ። እጁ የገባ ሥራ እንዲህ የሚያቆይ ሰው አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ስለ ሥራው ብዙ አስረድተውኛል፤ ግማሹ አልገባኝም። ከእንጨት ቃጫ የተሠራ ወፍራም ሰሌዳ ነው፣ በላዩ የኖራ ልስን። የመስኮቱን ጎንና ጎን ሳይቀር አለበሱት፤ እዚያ ከተዘለለ ሻጋታው እዚያው ይሰፍራል አሉ። በሲሚንቶ ለምን አይለሰንም ብላቸው ሳቁብኝ። «የጎንደር ግንብ በምን የተሠራ መሰለሽ? በኖራ እኮ ነው! እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል።» አያቴ ቤቷን በጭድና በጭቃ ስትመርግ ትዝ አለችኝ።

ክፍሉ ትንሽ ጠበብ ብሏል፣ አልዋሽም። ቁም ሳጥኑም የድሮ ቦታው አልገባ ብሎ ኮሪደር ላይ ቀርቷል። ይቅር! ዘንድሮ ማሞቂያውን አጥፍተን ነው የምንተኛው። ልጄም ሌሊት ሳል አላስነሳውም። ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት ግድግዳውን ሳይሆን ጋሼን ነው አሳዪኝ ያለችው፤ ግማሽ ሰዓት መረቀቻቸው።

እባካችሁ፣ ለሌላ ሰው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቤታችሁን ለእሳቸው አሳዩ። ደግሜ እላለሁ፣ ለእሳቸው አሳዩ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ። ወረፋ አለ፣ ታገሱ። ቡናቸው ያለ ስኳር ነው።