አፓች፣ ኤንጂን ኤክስ ወይስ ላይትስፒድ? ዌብሳይት ሲንቀራፈፍ ምን ይገዛል

ዌብሳይት ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው የሰርቨሩን፣ ማለትም ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር፣ ራም (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ለመጨመር ነው። 2 ጊጋባይት የነበረውን 4 ያደርገዋል። እኔ ግን ራም መጨረሻ ላይ ይገዛ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ገጹን ለአንባቢ የሚያቀርበው ሶፍትዌር ይታይ፤ አፓች፣ ኤንጂን ኤክስና ላይትስፒድ እንዲህ ያሉ ናቸው። ቀጥሎ ሰርቨሩ የተቀመጠበት አገር። እዚህ የማወዳድረው በዎርድፕሬስ (የገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) የተሠራ መካከለኛ የአማርኛ ገጽ ላላችሁ ነው።

አፓች ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው። ነፃ ነው፣ ችግር ቢገጥማችሁም የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ጣጣው በድሮው አሠራር፣ ፒኤችፒን (ዎርድፕሬስ የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ) በሆዱ ይዞ ሲሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ) ይመድባል። አንድ አንባቢ በደካማ ኔትወርክ ፎቶ እስኪወርድለት ድረስ ያ ፕሮሰስ ከነራሙ ተይዞ ይቆያል። ኢቨንት የተባለውን አሠራር ፒኤችፒን ለብቻው ከሚያሠራው ከፒኤችፒ ኤፍፒኤም ጋር ብታደርጉት ግን ብዙ ይቀልለዋል። ሳንቲም አያስወጣም፤ ከመቀየራችሁ በፊት ሞክሩት።

ኤንጂን ኤክስን ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ ሲለቀው ዓላማው ይኸው ችግር ነበር። ጥቂት ፕሮሰሶች በሺህ የሚቆጠር ግንኙነት ይሸከማሉ። እሱም ነፃ ነው። ነገር ግን አፓች የሚያነበውን፣ የገጹ ሕጎች የሚጻፉበትን የኤችቲአክሰስ ፋይል አያነብም። እዚያ የጻፋችሁትን ሕግ ሁሉ በእጃችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ። ሊነክስ (ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበትን ሥርዓት) የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ አልመክርም።

ላይትስፒድ የሚከፈልበት ነው፣ ያንን ፋይል ግን እንዳለ ያነብባል። ዋናው ጥቅሙ ካሺንጉ ነው። ዎርድፕሬስ ሰው በመጣ ቁጥር ገጹን በፒኤችፒና በዳታቤዝ አዲስ ይሠራል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ መጣድ ማለት ነው። ካሺንግ ካለ ተጋግሮ መሶብ ውስጥ ያለው ይቀርባል። ኤንጂን ኤክስም ይህን ይችላል። የላይትስፒድ የዎርድፕሬስ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ግን አዲስ ጽሑፍ ስታወጡ የቆየውን ቅጂ ራሱ ያጸዳል። ኦፕንላይትስፒድ የሚባል ነፃ ወንድም አለው፤ እሱ ከኤችቲአክሰስ የሚቀበለው የአድራሻ ማዞሪያ ሕጎችን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቦታው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደርሶ መልሱ ቢያንስ 115 ሚሊሰከንድ ነው። አዲስ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ) ግንኙነት ደግሞ የገጹ ጫፍ ከመታየቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ሦስት ደርሶ መልስ ይፈልጋል። ከ340 ሚሊሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ሄደ! ፍራንክፈርት 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያ ግማሹ እንኳ አይሞላም። አንባቢያችሁ አዲስ አበባ ከሆነ አሜሪካ ያለ ትልቅ ሰርቨር አትግዙ። አብዛኛው ዋሽንግተን ከሆነ ደግሞ እዚያው ይቆይ። ሁለቱም ጋ አንባቢ ላላችሁ፣ ቅጂዎችን በየአገሩ የሚያስቀምጠው የክላውድፍሌር ነፃ ፓኬጅ ፎቶዎቹን በቅርብ ያቀርብላችኋል፤ ገጹን ራሱን ግን ካላዘዛችሁት አያስቀምጥም።

ለብሎግ ወይም ለዜና ገጽ ምርጫዬ አውሮፓ ያለ፣ ላይትስፒድ በዋጋው ውስጥ የተካተተበት የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ገጾች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት) ነው። የራሳችሁ ቪፒኤስ (ለእናንተ የተለየ የሰርቨር ድርሻ) እና ባለሙያ ካላችሁ ኤንጂን ኤክስ ይሁን። ኦንላይን ሱቅ ግን ይለያል። የግዢ ቅርጫቱና የክፍያ ገጹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለያየ ስለሆነ ካሽ አይደረግም። ሰርቨሩ ራም አልቆበት ወደ ዲስክ መጻፍ ከጀመረ፣ ያኔ 4 ጊጋባይቱን ግዙ።